ስለ መንዝ በግ አረባብና አሻሻጥ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ የሚኖር ገበሬ ከእርሻው ይልቅ በበጉ እንደሚታመን በዚያ አገር በሹመት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ገብሱን ውርጭ ይመታዋል፤ ባቄላውን በረዶ ያረግፈዋል፤ የበልጉም ዝናም አንድ ዓመት መጥቶ በሚቀጥለው ይቀራል። በጉ ግን ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር በሚያህል ከፍታ፣ ሌሊት በብርድ ቀን በነፋስ እየተገረፈ፣ በአጭር ሣር ብቻ ነፍሱን ያቆያል። ጠጉሩ ባናና ዝተት ሆኖ ቤተ ሰቡን ያለብሳል፤ ቆዳው አጎዛ ይሆናል፤ ፍጉ የጓሮውን መሬት ያለማል፤ ሥጋው የዓመት በዓል ነው። ከሁሉም በላይ ግን ገንዘብ በተፈለገ ጊዜ ተነድቶ ወደ ገበያ የሚወጣው እርሱ ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል የሚታመኑበት ሀብት ለባለቤቱ የሚያስገባው ገንዘብ ከሚገባው እጅግ ያነሰበት ምክንያት ምንድን ነው? ብዙ ሰዎች ምክንያቱ የዘሩ ማነስ ነው ይላሉ። የመንዝ በግ በእውነት ትንሽ ነው፤ ዕድገትዋን የጨረሰች እናት በግ ከ25 ኪሎ የምታልፈው አልፎ አልፎ ነው። ነገር ግን ነገሩን አጥብቆ ለመረመረ ሰው ጥፋቱ ከበጉ ላይ ሳይሆን ከሽያጩ ጊዜና ከምርጫው ላይ ሆኖ ይገኛል። በጉ የሚሸጠው በደለበ ጊዜ ሳይሆን ባለቤቱ በተቸገረ ጊዜ ነው፤ አስቀድሞ የሚሸጠውም ከመንጋው ሁሉ የተሻለው ነው። በዚህም ነገር የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት፣ ሳያስቡት፣ ድርሻ አላቸው።

በመንዝ ገንዘብ የሚፈለግባቸው ወራት የታወቁ ናቸው። በሰኔና በሐምሌ የማዳበሪያና የዘር ዋጋ ይከፈላል። በዚያው ጊዜ የጎተራው እህል ስለሚያልቅ የምግብ እህል ከገበያ ይገዛል። በመስከረም ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲመለሱ ደብተርና ልብስ ይፈለጋል፤ በመካከሉም ልዩ ልዩ መዋጮ ይጠየቃል። በሰኔና በሐምሌ ግን በጉ ከበጋው ድርቅ የተረፈ አጥንት ነው፤ አዲሱ ሣር ገና ከመሬት አልተላቀቀም፤ የበቀለውም ቢሆን ውሃ እንጂ ብርታት የለውም። በዚያ ላይ የሐዋርያት ጾም፣ ኋላም የፍልሰታ ጾም ስለሚሆን የከተማው ሰው በግ አይፈልግም። ስለዚህ ገበሬው በጉን ወደ ገበያ የሚያወጣው በጉ በከሳበት፣ ሻጭ በበዛበትና ገዢ በጠፋበት ወቅት ነው። ነጋዴው ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ የወረዳው የክፍያ ቀን መቼ እንደ ሆነ ከራሱ ከከፋዩ አስቀድሞ የሰማ ይመስላል። ጧት የሰጠውን ዋጋ ከሰዓት በኋላ ቢቀንሰው ገበሬው እምቢ ለማለት አቅም የለውም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ በጉን መልሶ ቢነዳውም በማግስቱ የሚጠብቀው ያው ዕዳ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ከዚህ ይብሳል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ለዓይን ስለማይታይ ብዙ ሰው አላስተዋለውም። ገበሬ ገንዘብ ቸግሮት ከጉረኖው ደጅ ቆሞ ሲመርጥ የሚያወጣው ገዢ የሚወደውን ነው፤ ይኸውም ከእኩዮቹ ቀድሞ ያደገው፣ ወገቡ የሰፋውና ላቱ የሞላው ወንድ ጠቦት ነው። እንዲህ ያለው ጠቦት ብዙ ጊዜ ዓመት ሳይሞላው ይሸጣል። በመንጋው ውስጥ የሚቀረው ማንም ያልገዛው ነው፤ በሚመጣውም ዓመት ለሚወለዱት ግልገሎች ሁሉ አባት የሚሆነው ያው የተናቀው ነው። ይህ ነገር ከአባት ወደ ልጅ ሲደጋገም በጉ እያነሰ ቢሄድ ማንን ይገርማል? ያዕቆብ የላባን በጎች ሲጠብቅ ጠንካሮቹ ለራሱ፣ ደካሞቹ ለላባ እንዲደርሱ ያደረገበት ብልሃት በኦሪት ዘፍጥረት በ30ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። የመንዝ ገበሬ ራሱን ላባ፣ ነጋዴውን ያዕቆብ አድርጎ ብዙ ዘመን ኖሯል። ያውም ያዕቆብ 20 ዓመት በብርድና በሐሩር ደክሟል፤ ነጋዴው ግን አንድ ቀን እንኳ በግ አልጠበቀም።

መንግሥት የመንዝን በግ ለማሻሻል ብዙ ደክሟል። በ1959 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ጣቢያ ተቋቋመ፤ ኋላም በመንዝ ውስጥ በአመድ ጉያ ሁለተኛ ጣቢያ ተጨመረ። አስቀድመው ከውጭ አገር የመጡት እንደ ኮሪዴልና እንደ ሃምፕሻየር ያሉ በጎች ነበሩ። ከእነዚህ የተዳቀሉት ጠቦቶች ጅራታቸው ቀጭን ስለ ነበረ ገበሬው አልወደዳቸውም፤ ላት የሌለው በግ በአገራችን ገበያ ምን ያህል እንደሚናቅ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ አዋሲ የሚባለው ባለ ላት የመካከለኛው ምሥራቅ በግ ከእስራኤል አገር መጥቶ ከመንዝ በግ ጋር ተዳቀለ፤ ዲቃሎቹም አውራ በጎች ለገበሬ ይታደሉ ጀመር። ከዚህም ቀጥሎ ዶርፐር የተባለው የደቡብ አፍሪካ በግ ወደ አገር ገባ።

ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነበር ማለት የተገባ አይደለም። በደብረ ብርሃን ዙሪያ መኖ በሚገኝበት ስፍራ የአዋሲ ዲቃላ ከመንዝ በግ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል፤ ጠጉርም ይሰጣል። ነገር ግን ትልቅ በግ ትልቅ ሆድ አለው። መኖ በሌለበት ተራራ ላይ ለወጣ ዲቃላ የአባቱ ቁመት ሸክም ይሆንበታል። የሚታደለውም አውራ በግ ቁጥር ከሕዝቡ መንጋ ጋር ሲተያይ በባሕር ላይ እንደ ተጣለ እፍኝ ጨው ነበረ። ከዚህ በቀር ሜዲ ቪስና የሚባል፣ ቀስ በቀስ ሳንባን የሚያበላሽ በሽታ በጣቢያ በጎች ላይ ተገኝቶ እደላው የተቋረጠበት ጊዜ እንደ ነበረ አይዘነጋም። በ1980ዎቹ ዓመታት ደግሞ በደብረ ብርሃን የመንዝ በግና የሆሮ በግ በአንድ ስፍራ እየረቡ በተመረመሩ ጊዜ፣ የወለጋው ሆሮ በአካል የሚበልጥ ሲሆን ከግልገሎቹ የሞቱት ከመንዝ ግልገሎች ይልቅ በዝተው ተገኝተዋል። የመንዝ በግ ትንሽነት እንግዲህ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በረኃብና በብርድ አገር ለመኖር የተከፈለ ዋጋ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው ሥራ በሌላ መንገድ ሄዷል። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማእከል ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ በደረቅ አገሮች ግብርና ላይ ከሚመራመረው ከኢካርዳና በቪየና ከተማ ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ ያሉትን ገበሬዎች በማኅበር አደራጀ። ከውጭ የመጣ በግ የለም። የየቤቱ ግልገል ሲወለድ ከጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፤ የተወለደበት ቀን፣ የእናቱ ቁጥርና ክብደቱ በመዝገብ ይጻፋል። ጠቦቶቹ ሲደርሱ የመንደሩ ሰዎች በአንድ ሜዳ ያሰባስቧቸዋል፤ መዝገቡ ክብደታቸውን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ገበሬዎቹ የመረጧቸው ሽማግሌዎች ቀንዱን፣ ላቱን፣ መልኩንና አቋሙን በዓይናቸው አይተው ይፈርዳሉ። የተመረጠው አውራ ለብዙ ቤቶች መንጋ በጋራ ያገለግላል፤ ወደ ልጆቹም እንዳይመለስ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ወደ ሌላ መንጋ ይዛወራል ወይም ይሸጣል። ማሻሻሉ የዝግታ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሚሻሻለው በግ ብርዱን የሚያውቅ የዚያው አገር በግ ነው።

የዚህ ሥራ ዓይነት በሌላም አገር ታይቷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር በሌስተር ግዛት ሮበርት ቤክዌል የተባለ አራሽ የአገሩን በግ እየመረጠ በማዳቀል ሲያሻሽል፣ ምርጥ አውራዎቹን ለአንድ ወቅት ብቻ ያከራይ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ለአንድ አውራ ኪራይ ያን ያህል ገንዘብ ይከፈላልን? እያለ በመጀመሪያ ቢስቅበትም በኋላ ሊከራይ ተሰልፏል። ከዚህ ለመንዝ የሚወሰደው ትምህርት አውራ በግ ለባለቤቱ በቤቱ ተቀምጦ ገንዘብ ሊያስገባለት እንደሚችል ነው። የመንዝ ገበሬ ጥሩውን ጠቦት የሚሸጠው ዋጋውን ስለማያውቅ አይደለም፤ ገንዘቡን ስለሚሻው ነው። ስለዚህ ጠቦትህን አትሽጥ እያሉ በስብሰባ ላይ መምከር ብቻ ምንም አይፈይድም። ማኅበሩ ጥቂት ተዘዋዋሪ ገንዘብ ኖሮት ነጋዴ በሚሰጠው ዋጋ ጠቦቱን ከባለቤቱ ቢገዛው፣ አገልግሎቱን ሲጨርስም አድልቦ ቢሸጠው፣ ገንዘቡ ከሞላ ጎደል ተመልሶ ይመጣል። አንድ ወረዳ ለአንድ ቀን ስብሰባ የሚያወጣው አበል ለስንት አውራ በግ መግዣ እንደሚበቃ የወረዳው ገንዘብ ያዥ ሊያሰላው ይችላል።

ያልተመረጡት ወንዶች በጊዜ መኮላሸት ይገባቸዋል። ይህ ካልሆነ ምርጫው ሁሉ ከንቱ ነው፤ በጋራ ግጦሽ ላይ አንድ ያልተኮላሸ ደካማ ጠቦት የሽማግሌዎቹን ፍርድ በአንድ ሳምንት ያፈርሰዋልና። የተኮላሸው ደግሞ ሙክት ሆኖ ለማድለብ ይመቻል። የማኮላሻ መሣሪያ በየቀበሌው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ስለሚገኝ በድንጋይ መቀጥቀጡ እንዲቀር ያስፈልጋል።

የማድለቡ ሥራ የሚጠይቀው ትልቁ ዕውቀት ዘመን መቁጠር ነው። አንድን በግ ደህና አድርጎ ለማድለብ 90 ቀን ያህል ይበቃል። እንግዲህ ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ 90 ቀን መቁጠር ነው። ገና በታኅሣሥ 29 ቀን ስለሚውል ለገና የሚሸጠው በግ በመስከረም 29 ቀን ይታሰራል፤ በዚያ ጊዜ ክረምቱ አልፎ ሣሩ አብቦ ይገኛል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሚያዝያ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚመላለስ ለፋሲካ የሚሆነው በግ ቢፈጥን በታኅሣሥ 26 ቀን፣ ቢዘገይ በጥር 30 ቀን ይታሰራል። ይህም ገብሱና ባቄላው ተወቅቶ ገለባው በተከመረበት ወቅት ነው። የዓመቱን ፋሲካ ባሕረ ሐሳብ የተማረ የደብሩ መሪጌታ ገና በመስከረም ቆጥሮ ይናገራል፤ የግብርናው ሠራተኛ ይህን ከእርሱ ጠይቆ ለገበሬው ቢያስታውቅ አንዳች ወጪ የለበትም። የአረፋ በዓል ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ስለሚመጣ ቀኑን እየተከታተሉ ለሸዋ ሮቢትና ለአዲስ አበባ ገበያ መዘጋጀት ይቻላል። የዘመን መለወጫና የመስቀል ገበያ ትልቅ ቢሆንም ለመንዝ አስቸጋሪ ነው፤ ለዚያ የሚሆነው በግ የሚታሰረው በሰኔ፣ መኖ በጠፋበትና ብርድ በበረታበት ጊዜ ስለ ሆነ ድርቆሽ ያላከማቸ ሰው ባይሞክረው ይሻላል።

ስለ መኖው፦ የባቄላ፣ የአተርና የምስር ገለባ ከገብስ ገለባ ይበልጣል፤ ገበሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም በአንድ ክምር ያደባልቀዋል። ለየብቻ ቢከምርና መልካሙን ለሚደልበው በግ ቢያስቀር ያለ ገንዘብ የተገኘ መኖ ነው። ከገለባው ጋር የኑግ ፋጉሎና የስንዴ ፉርሽካ ተቀላቅሎ ለአንድ በግ በቀን ከ300 እስከ 400 ግራም ቢሰጠው፣ የጠላ አተላም ቢጨመርለት፣ የመንዝ በግ በቀን ከ60 እስከ 90 ግራም ያህል ሊጨምር ይችላል። በ90 ቀን ይህ ከ5 እስከ 8 ኪሎ መሆኑ ነው፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን በግ ትንሽ ነገር አይደለም። የሚያልቀውም ፋጉሎና ፉርሽካ በጠቅላላው ከ30 ኪሎ ብዙ አያልፍም። ገበሬው አስቀድሞ የ30 ኪሎውን መኖ ዋጋ ከበዓል ገበያው ዋጋ ጋር አስተያይቶ ማስላት አለበት፤ መኖ በተወደደበት ዓመት ትርፉ የሚጠፋበት ጊዜ አለና፣ ሁልጊዜ አድልብ የሚል ምክር የማያስብ ሰው ምክር ነው። ደጋ ላይ የሚበቅለው ትሪሉሰርን የተባለው ዛፍ በአጥር ዙሪያ ቢተከል ቅጠሉ የፋጉሎውን ወጪ ያቀልላል።

ደግሞም ሁለት ወይም ሦስት በግ ለማድለብ የሚችል ቤት አምስት ቢያስር አምስቱም ሳይደልቡ ይቀራሉ። ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ በግ መኖ ይበላል እንጂ ሥጋ አይጨምርም። የሚታሰረው በግ በመጀመሪያው ቀን የሆድ ትል መድኃኒት መጠጣት አለበት፤ ይህ ካልሆነ የሚደልበው ትሉ ነው። እህልና ፋጉሎ በአንድ ጊዜ በብዛት አይሰጥም፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ጥቂት በጥቂት መልመድ ይገባዋል፤ ያልለመደ በግ ገብስ ጠግቦ አንድ ሌሊት ተነፍቶ ሊሞት ይችላል። ንጹሕ ውሃና ጥቂት ጨው አይቋረጥበት።

የደለበው በግ እንኳ በዳሰሳ ከተሸጠ የድካሙን ዋጋ አያገኝም። ገዢው ወገቡንና ላቱን ጨብጦ፣ ፊቱን አጨማድዶ፣ ይህስ አጥንት ነው ማለቱ የታወቀ የገበያ ወግ ነው። ገበሬው በጉ ስንት ኪሎ እንደ ሆነ ስለማያውቅ መልስ የለውም። በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በዘመሮና በራቤል ገበያ አንድ አንድ የሚንጠለጠል ሚዛን ተሰቅሎ ማንም ሰው በጉን መዝኖ እንዲያውቅ ቢደረግ፣ ዋጋን በትእዛዝ ሳይወስኑ የክርክሩን መሠረት መለወጥ ይቻላል። ሚዛኑን ግን የቀረጥ መሰብሰቢያ ማድረግ አይገባም፤ እንዲህ የተደረገ እንደ ሆነ ገበሬው በጉን ከገበያው ውጭ በመንገድ ላይ መሸጥ ይጀምራል።

መሐል ሜዳ ከአዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አንድ ገበሬ ሁለት ሙክት ይዞ ይህን መንገድ ሊሄድ አይችልም። ሃያ ወይም ሠላሳ ጎረቤቶች ግን የበጎቻቸውን የመድረሻ ጊዜ ወደ አንድ ሳምንት አድርገው አንድ የጭነት መኪና ቢከራዩ ደብረ ብርሃን ድረስ፣ ከዚያም አልፎ አዲስ አበባ በግ ተራ ድረስ ማድረስ ይቻላቸዋል። በአውቶቡስ ጣራ ላይ እግሩ ታስሮ የሚሄደው በግ ከመድረሱ በፊት ይከሳል፤ ሥጋውም ይቀጠቀጣል።

ስለ ውጭ አገር ገበያ በየስብሰባው ብዙ ይነገራል። በዚህ ነገር ሹማምንት ገበሬውን በከንቱ ተስፋ እንዳያስጎመጁት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሞጆና በቢሾፍቱ ለዐረብ አገሮች የሚያርዱት ቄራዎች በብዛት የሚሹት ከቦረና፣ ከሶማሌና ከአፋር የሚመጣውን የቆላ በግና ፍየል ነው። የደጋ በግ ሥጋ ከታረደ በኋላ ሲቆይ ይጠቁራል የሚል ቅሬታ ከገዢዎች ስለሚቀርብበት ቄራዎቹ አይመርጡትም። ለመንዝ በግ የቅርብና የታመነ ገበያ የአገር ውስጥ የዓመት በዓል ገበያ ነው፤ የአዲስ አበባም ሕዝብ በየዓመቱ እየበዛ እንጂ እያነሰ አልሄደም።

መኖ ከግጦሽ ይጀምራልና ስለ ጓሳ ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። የመንዝ ሰው ግጦሽን በሕግ መጠበቅ ከውጭ አገር ሊማር አያስፈልገውም። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች የጓሳን ሜዳ በአጽመ ርስትነት ይዘው፣ ቄሮ በሚባል ሥርዓት አለቃ መርጠው፣ ሜዳውን አንዳንድ ጊዜ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። ሣሩ ጎልምሶ፣ የቤት ክዳን የሚሆነው ጓሳ ታጭዶ፣ ከዚያ በኋላ በጭንቅ ጊዜ ለከብቱና ለበጉ ይከፈት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን አጽመ ርስቱ ስለ ፈረሰ የቄሮ ሥርዓት አብሮ ወደቀ፤ ሜዳውም ጠባቂ አጥቶ ለጥቂት ዓመታት ያለ ልክ ተጋጠ። ኋላ የአካባቢው ሕዝብ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ በማቋቋሙ ጓሳ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታይበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ለበግ ርባታ የሚጠቅመው ምስክርነቱ ይህ ነው፦ ሥርዓቱ ሲጠበቅ ሣሩ ነበረ፤ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሣሩ ሄደ። በየቀበሌው ያለው ትንሽ የጋራ ሜዳ ከሐምሌ እስከ መስከረም ቢዘጋና ሣሩ ታጭዶ ቢደረቅ ለሰኔው ረኃብ ድርቆሽ ይገኛል። መዝጋቱን ግን የሚወስኑት የሚጠቀሙበት ሰዎች መሆን አለባቸው፤ ከወረዳ በደብዳቤ የተዘጋ ሜዳ በሌሊት ይጋጣል።

የበሽታው ነገር ለእንስሳት ሐኪሞች የሚተው ቢሆንም ሁለቱን መጥቀስ ያስፈልጋል። የጉበት ትል ከክረምት በኋላ ከረግረግና ከጨፌ ይገኛል፤ በእርጥብ ሜዳ ያለች ትንሽ ቀንድ አውጣ ታስተላልፈዋለችና፣ በጎቹን በመስከረምና በጥቅምት ከረግረግ ማራቅና መድኃኒቱን በጊዜው ማጠጣት ነው። ዙሪት የሚባለው፣ በጉን ወደ አንድ ወገን እያሽከረከረ የሚገድለው በሽታ ደግሞ ከውሻ ይመጣል። ውሻ የታረደ ወይም የሞተ በግ ጭንቅላት ጥሬውን ሲበላ የኮሶ ዓይነት ትል በሆዱ ይራባል፤ እንቁላሉም ከኩሱ ጋር በሣር ላይ ወድቆ ተመልሶ በግ ይበላዋል። የበጉን ጭንቅላት ለውሻ አለመስጠት፣ ቀብሮ ወይም አቃጥሎ ማጥፋት መድኃኒት የማይገዛበት መድኃኒት ነው። የበግ ፈንጣጣና ደስታ መሰል በሽታ በክትባት ይከለከላሉ፤ ክትባቱ በሽታው ከገባ በኋላ ሲደርስ ግን ሬሳ መቁጠሪያ ብቻ ነው።

መርሐ ቤቴ ከመንዝ የሚለየው የጀማና የወንጭት ሸለቆዎች ቆላ ስላለው ነው። በዚያ ገደል የሚመቸው ፍየል ነው፤ በግ የማይነካውን ቁጥቋጦ በልቶ ይደልባል፤ ዓለም ከተማ ገበያም ላይ ሙክት ፍየል ደኅና ዋጋ አለው። ፍየል አገር ያጠፋል የሚሉ አሉ። አገር የሚያጠፋው ያለ እረኛ የተለቀቀ መንጋ ነው፤ ለፍየሉ የተነገረው አውራን የማስቀረትና በቀን ቆጥሮ የመሸጥ ነገር ሁሉ ለበጉ ከተነገረው አይለይም። ግሼ ራቤልም ከሌሎቹ ይልቅ ከትልቁ ገበያ ስለሚርቅ በአንድነት ጭኖ መሸጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው።

አሁን ወደ ሹማምንቱ ድርሻ እንመለስ። ከወረዳ ወደ ዞን የሚላከው ወሬ ይህን ያህል አውራ በግ ታደለ፣ ይህን ያህል ገበሬ ሠለጠነ ይላል። የታደለው አውራ ከዓመት በኋላ በሕይወት አለን? ስንት ግልገል ወለደ? የሠለጠነው ገበሬ በጉን በስንት ሸጠ? የሚል ጥያቄ በወሬው ቅጽ ላይ እምብዛም አይታይም። ያልተጠየቀ ነገር አይጻፍም፤ ያልተጻፈውንም ማንም አያርመውም።

የክፍያው ቀን ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። የማዳበሪያ ዋጋ በሰኔ ካልተከፈለ ማዳበሪያው ለዘር አይደርስም፤ ስለዚህ ይዘግይ ማለት አይቻልም ብለው የሚመልሱ ሹማምንት እውነት አላቸው። መዘግየቱ ቀርቶ መቅደም ግን ይቻላል። ገበሬው ለፋሲካ ያደለበውን በግ ሸጦ ገንዘብ በእጁ የሚይዘው በሚያዝያ ነው። ያ ገንዘብ በሰርግና በተዝካር፣ በልብስና በጠላ ቤት ሳያልቅ፣ የመንደሩ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር በገበያው ቀን በገበያው አጠገብ ተቀምጦ ለማዳበሪያ የሚሆነውን በደረሰኝ ቢቀበለው፣ በሰኔ ሌላ በግ መሸጥ አያስፈልገውም። ለዚህ ደግሞ የሚፈለግበት ገንዘብ ልክ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። የማዳበሪያው ዋጋ፣ የመሬቱ ግብርና የመዋጮው ድምር ተሰልቶ በጥር፣ በጉ ወደ ጋጥ በሚገባበት ሳምንት ለየቀበሌው ቢነገር፣ ገበሬው ስንት ሙክት ማሰር እንዳለበት ያውቃል፤ አውራውንም ከጉረኖው አያወጣውም።